ኒቆዲሞስ ዕለት የቆምኩበት ቦታ

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደባርቅ ውስጥ ሆዱ ያልታወከ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሁለት ወር ያህል በሽሮና በጎመን የከረመ አንጀት በአንድ ጧት ዶሮ፣ ቅቤና ጥሬ ሥጋ ሲወርድበት ይደነግጣል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በዚያ ሰሞን መምህራን ከክፍል ሹልክ እያሉ ወደ ጓሮ ሲሄዱ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ የበሩ ዘበኛ ብቻ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያለ ይስቃል። ስለዚህ እኔም ማቅለሽለሽ ሲጀምረኝ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር የያዘኝ አልመሰለኝም። ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ምልክት መጥቶ ሳለ፣ የበግ ሥጋ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ዓመት ያልኩት ከተጋባን ጀምሮ ያለውን ነው። ባለቤቴ ቄስ ነው። ዲያቆን ሳለ በቁርባን ተጋባን፤ ብዙም ሳይቆይ ቅስና ተቀበለ። የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ ሄደን የቀረውን በእግር እንወርዳለን። የተወለደው እዚያው መንደር ነው፤ እናቱም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ደባርቅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቤት ውስጥ «አንተ» እለዋለሁ፤ ሰው ፊት ደግሞ «ቄሱ» እያልኩ በአንቱታ ነው የማነሣው። መጀመሪያ ላይ ይምታታብኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንግዳ ፊት «ወጡን አቀብለኝ» ብዬው አማቴ ጉንጫቸውን ይዘው ቀሩ።

የቄስ ሚስት ሳትወልድ ስትቆይ ነገሩን ለማወቅ መንደሩ ሐኪም አያስፈልገውም። ልማደ አንስት፣ የወር አበባዋ፣ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ከደጁ በስተግራ አንድ ያረጀ ጥድ አለ፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞበታል። የእኔ ቦታ እሱ ነበር። በየወሩ ቢያንስ አንድ እሑድ እዚያ ድንጋይ ላይ እቆማለሁ፤ ለቅዳሴ የሚገባው ምእመን ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ከተማ ውስጥ ቢሆን የራሴ ጉዳይ ነበር። እዚያ ግን አሁንም እንዳላረገዝኩ በየወሩ ለሕዝብ አስታውቃለሁ፤ ያውም አፌን ሳልከፍት። በዚያ መንደር የእርግዝና የመጀመሪያ ምልክት ማስመለስ አይደለም። ሴትየዋ ጥዱ ሥር ስትጠፋ ነው።

ከሚያልፉት ሰዎች ሁሉ የሚከብዱኝ አማቴ ነበሩ። ሌላው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እሳቸው ይቆማሉ።

«መጣብሽ?» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሁን። እሱ ያውቃል።»

ከዚያ ተሳልመው ይገባሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ንግግር አንድም ቃል አልተቀየረም። ክፉ ሴት እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በየወሩ ያንን «መጣብሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ እጠላቸው ነበር። አለመጠየቅ እኮ ይቻላል፤ የቆምኩበት ቦታ መልሱን ይናገራል።

እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልጠበቅሁም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስልኬን ይዤ ምልክቶቹ መቼ እንደሚጀምሩ ሳነብ አመሽ ነበር። ጡት ያማል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሽታ ያስጠላል። ያነበብኩት ሁሉ በማግስቱ ይይዘኛል። አበባዬ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጡቴ ያብጣል፤ «አሁንስ እርግጥ ነው» እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥዱ ነው። ብዙ ወር እንዲህ ከተታለልኩ በኋላ ገባኝ፤ አበባ ሊመጣ ሲልም፣ ፅንስ ሲይዝም ሰውነት የሚያሳየው ምልክት መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የባሰ ቀልድ የለም። በሦስተኛው ዓመት ማንበቡንም መቁጠሩንም ተውኩት። በጾም ወራት ደግሞ ጊዜው ይዛባብኛል፤ ሲቀርም ሲዘገይም ምግብ በማነሱ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባለቤቴ ልብሱን በከረጢት ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ለአገልጋዮች የተሠራች ጎጆ አለች፤ እስከ ትንሣኤ የሚያድረው እዚያ ነው። በጾም ባልና ሚስት መኝታ መለየታቸው በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቄስ ደግሞ ክርክር የለውም። አልፎ አልፎ ለልብስ ወደ ከተማ ብቅ ይላል፣ ደጅ ላይ ቆመን እናወራለን፣ ይሄዳል። የዚያን ዓመትም እንደዚሁ ነበር።

ከጾሙ እሑዶች ሰባተኛው ኒቆዲሞስ ይባላል፤ ከሱ ቀጥሎ ሆሳዕና፣ ከዚያ ትንሣኤ ነው። አበባዬ ለኒቆዲሞስ ዋዜማ መጣ። በማግስቱ ወርጄ ጥዱ ሥር ቆምኩ። ከገደሉ በኩል ጉም ተነሥቶ ግቢውን ሸፍኖት ስለነበር ከደጀ ሰላሙ ወዲያ ያለው አይታይም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አማቴ መጡ፣ ቆሙ፣ ጠየቁ፣ መለስኩ። ያን ቀን ግን «እሱ ያውቃል» ብለው አልሄዱም። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና በነጠላ ብቻ ገቡ። ጋቢውን አጥቤ መለስኩላቸው። ደግነታቸው ደስ አላሰኘኝም፤ የሚታዘንላት ሴት ሆንኩ ማለት ነው ብዬ ተከፋሁ።

ፋሲካ ሆነ። ባለቤቴ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መጀመሪያ የመጣው እንቅልፍ ነው። ደብተር ሳርም አገጬ ደረቴ ላይ ይወድቃል። ሁለት እሑድ በተከታታይ መነሣት አቅቶኝ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ አማቴም መቅረቴን ሲያዩ የወሩ ነገር ጠንቶባት ከቤት ቀረች ብለው አለፉት። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የባጃጅ ቤንዚን፣ ወደ ፓርኩ ቱሪስት ጭነው የሚያልፉት መኪኖች ጭስ፣ የተማሪዎቼ እርጥብ ሹራብ። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቴ ነበር። ከቅዳሴ ሲመለስ ልብሱ ላይ ያለው ዕጣን ከሩቅ ያገኘኝና አፌን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። የቄስ ሚስት ዕጣን ሲሸታት የምታስመልስ ከሆነ ሰው ምን ሊል እንደሚችል የታወቀ ነው። ባለቤቴም አንድ ቀን «ጠበል ልውሰድሽ እንዴ?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ለእናቱ የነገራቸው እሱ መሆን አለበት። በገበያ ቀን አማቴ በነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዘው ከች አሉ።

«ኮሶ ነው እንጅ ሌላ ምን ይሆናል፣ ልጀ፤ ጥሬ ሥጋ በልተሽ የለ» አሉኝ።

ትሉም መድኃኒቱም በአንድ ስም ነው የሚጠራው። ያመጡት የዛፉን የደረቀ አበባ ነበር፤ ከመንደራቸው በላይ ካለው ዛፍ የተለቀመ ነው። እንዴት እንደሚወቀጥ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ በባዶ ሆድ ጧት በአንድ ትንፋሽ መጠጣት እንዳለበት ነገሩኝ። ልጅ ሳለሁ ዳባት ውስጥ አንድ ጊዜ ጠጥቼው አውቃለሁ፤ ምሬቱ እስካሁን ምላሴ ሥር አለ። እሺ ብዬ ኩሽና ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በልቤ ግን ጤና ጣቢያ ሄጄ ክኒን ለመዋጥ ቆርጬ ነበር። የሚገርመው ደረቅ ቂጣ እንኳ አልቀበልም ያለ ሆዴን ትል ይዞታል መባሉን እኔም አምኜ ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ሳምንት ከሚውለው ርክበ ካህናት በኋላ ባለው ሰኞ ነው። የተቀበለችኝ ነርስ ከእኔ ታናሽ ናት። የኮሶ ክኒን ስጭኝ አልኳት። እሷ ግን ክኒኑን ከማንሣቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

«ለኒቆዲሞስ ዋዜማ።»

ሳቀች። «በወሩ ቀን ንገሪኛ።»

ነገርኳት። ክኒኑን ወደ ቦታው መልሳ ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝና ሽንት ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማራዘም አያስፈልግም። ሁለት ቀይ መስመር አሳየችኝ፤ ቀና ብላ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ተመለከተችና «ስድስት ሳምንት አልፎሻል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ስለ ደስታ ብዙ መጻፍ አልችልበትም፤ በጣም ደስ አለኝ። የትል መድኃኒት ልቀበል ሄጄ ልጅ ይዤ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ከመንደር ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ነገርኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ ሥዕሉ ዞሮ ሰገደ፤ ሲነሣ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ስንት ጊዜ ሆነው አሉሽ?»

«ስድስት ሳምንት አልፎሻል አለችኝ።»

ባለቤቴ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበትን ስሌት በጣቱ አንጓ ይሠራዋል፤ ሲያስብም አውራ ጣቱ ሳይታወቀው በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ ይራመዳል። ያኔም ሲራመድ አየሁት። ከዚያ ቆመ። «በጎቹን ልይ» ብሎ ወጣ። እኛ በግ የለንም፤ የጎረቤት ናቸው። ደስታው አናውጦት ነው ብዬ ሳቅሁ።

በዚያ ሳምንት የሆነውን አሁን ሳስበው በሁለታችንም አዝናለሁ። መኝታውን ወደ ውጭኛው ክፍል መደብ ላይ አዛወረ። ሲበላ ከእኔ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የምጠይቀውን ይመልሳል፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም። እኔ ይህን ሁሉ ደግነት ነው ብዬ ወሰድኩት። ሽታው እንዳያስቸግረኝ የራቀልኝ መስሎኝ፣ አንድ ቀን ጧት «ወደዚያ መውጣትህ በጀኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ለካ እኔ አፍንጫዬን ይዤ ፊቴን ባዞርኩበት ቁጥር፣ እሱ ፊቱን ማየት ያፈረች ሴት እያየ ነበር።

ቅዳሴም ትቶ እንደነበር አላወቅሁም። የሱ ሰሞን፣ የመቀደስ ተራው፣ ነበር፤ «አሞኛል» ብሎ ሌላ ቄስ ለምኖ አስገብቷል። ይህን ይዘው የመጡት እናቱ ናቸው። የገበያ ቀን ባልሆነ ቀን፣ ምንም ሳይዙ፣ ከመንደር በእግራቸው ወጥተው መጡ። እኔ ኩሽና ደጃፍ ላይ ነበርኩ፣ እሱ መደቡ ላይ ተቀምጧል። አማቴ አልተቀመጡም። ልጃቸው ከቀሰሰ ወዲህ አንቱ ነው የሚሉት።

«ምነው፣ ከቅዳሴ ቀሩ አሉኝ?»

«አሞኝ ነው።»

«ያመመውን ሰው አውቃለሁ። ወልጀ አሳድጌያለሁ።»

ነገሩን ላቅልለው ብዬ ከደጃፉ ጣልቃ ገባሁ።

«እማማ፣ አልነገረዎትም እንዴ? አርግዣለሁ እኮ።»

እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ተቀየረና በአጠገቤ አልፈው ወደ ኩሽናው ገቡ። የኮሶውን ቋጠሮ ከግድግዳው አወረዱት፣ ጓሮ ወስደው ሽንት ቤት ጨመሩት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ተመለሱ። ኮሶ ፅንስ እንደሚያስወርድ በአካባቢያችን የማታውቅ ሴት የለችም።

«በገዛ እጀ» አሉ። «በገዛ እጀ ላፈሰው ነበር።» አጠገቤ መጥተው ሆዴን ሳይሆን ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ ለዚህ ነው የሚያዝኑ?»

«ስድስት ሳምንት ነው አሏት» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እና?»

«እሷ ከሄደችበት ቀን ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ኒቆዲሞስ ነው።»

አማቴ እንኳ ወዲያው ገባቸው። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ የሒሳብ መምህርቷ። ከሰኞው ተነሥቼ በልቤ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ርክበ ካህናትን አለፍኩ፣ ፋሲካን አለፍኩ፣ ሆሳዕናን አለፍኩ። ልክ ነበር። ስሌቱ ምንም ስሕተት የለበትም። በዚያን ጊዜ እሱ ያደረው መንደር ጎጆው ውስጥ ነው፤ እኔ ያደርኩት ደባርቅ ብቻዬን ነው። ሚስቱ እንዲህ ሆና የተገኘች ቄስ ወይ ትዳሩን ወይ ክህነቱን ይለቃል፤ ትዳሩን ከለቀቀም ሌላ ማግባት የለም። ለእኔና ለሆዴ ደግሞ የሚቀረው ዳባት፣ የእናቴ ቤት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን አፉ ውስጥ ይዞ የቆየው አውጥቶ ከተናገረው መመለሻ ስለሌለው ነው። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ሰዓት የታየኝ ከእኔ ይልቅ አንድን ቁጥር ማመኑ ብቻ ነበር። ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር። እኔ ስለ ራሴ አውቃለሁ፤ ስድስት ሳምንቱ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ሌላ ሰው የለም» አልኩ።

የመለሱት አማቴ ናቸው፤ ግን ለእኔ አይደለም።

«ኒቆዲሞስ ነው ያልኸው?»

ከቀሰሰ ወዲህ አንተ ሲሉት ያን ቀን ሰማሁ። እሱም ሰምቶ ቀና አለ።

«ኒቆዲሞስ ዕለት ይች ልጅ ደጅ ቆማ ነበር። ጥዱ ሥር። ጉሙ አላሳይ ብሎ በእጀ እየዳበስሁ ነው የደረስሁባት። መጣብሽ ወይ ብየ ጠየቅኋት፣ አዎ አለችኝ። ብርዱ ሊገላት ሲል ጋቢየን አልብሻት በነጠላ ገባሁ። አንተ መቅደስ ውስጥ ሆነህ ይኸን ከየት ታየዋለህ? ያን ቀን ደጅ የቆመች ሴት ያን ቀን እርጉዝ ናት? ቄስ አይደለህ፣ መልስልኝ እንጅ።»

«አይደለችም» አለ።

«ሦስት ዓመት በየወሩ የት እንደምትቆም የማይ እኔ ነኝ። ብቻዋን መቆሟ አንጀቴን ቢበላው ነው የምጠይቃት።»

ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። እኔም እሳቸውን ማየት አልቻልኩም። በየወሩ ሲቆሙብኝ የነበረው ለምርመራ ነበር ብዬ ነው የኖርኩት። ሌላው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ ማለፍ ያልሆነላቸው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ አንድም ቀን አላሰብኩም።

«ታዲያ ስድስቱ ሳምንት ከየት መጣ?» አለ ባለቤቴ። አሁን ጥያቄው የሦስታችንም ሆነ።

በማግስቱ ጧት ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ራሱ እንዲጠይቅ ዝም አልኩ። ነርሷ መስቀሉን ተሳልማ ስታበቃ ጠየቃት።

«አባታችን፣ እኛ የምንቆጥረው የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው» አለችው። «ልጁ የሚፀነሰው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። የተፀነሰበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ስለማይገኝ ሴትየዋ ከምታውቀው ቀን እንነሣለን።»

«እንግዲያ ስድስት ሳምንት ሲባል…»

«ልጁ ራሱ የአራት ሳምንት ነው ማለት ነው። ከፋሲካ ወዲህ መሆኑ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ማስመለሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንቅልፉና የጡት ሕመሙ ቀደም ብሎ እንደሚመጣ፣ ማቅለሽለሹ በብዛት የሚጀምረው አበባ ከቀረ በኋላ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደሆነ፣ አንዳንዷ ደግሞ ምንም ሳይታወቃት ወራት እንደሚያልፉ ነገረችኝ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ምልክቱን ቀድሜ ስፈልገው ኖሬ፣ በሰዓቱ ሲመጣ በግ ነው ማለቴን ብነግራት ሳቀች።

ባለቤቴ አውራ ጣቱን በጣቶቹ ላይ እያራመደ ቆሞ ነበር።

«ከዋዜማው ነው የምትቆጥሩት ለካ» አለ።

ነርሷ ምን እንዳለ አልገባትም፤ ግን «አዎ፣ አባታችን» አለች። ያቺ ሴት በቀን ስንት እርጉዝ ትቆጥራለች። ሁለቱ ሳምንቶቿ በአንድ ቤት ምን ሊያደርጉ እንደነበር አልነገርናትም።

ወደ ቤት ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ቆመና «ይቅር በይኝ» አለኝ። በአጠገባችን ባጃጆች ያልፋሉ፣ ሰው እየተሳለመው ይሄዳል።

«እዚህ አይደለም» አልኩት።

ቤት ስንደርስም አልመለስኩለትም። ንዴቴ ከእውነቱ ጋር አብሮ አልተፈታም። አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ኒቆዲሞስ ዕለት የት ነበርሽ ቢለኝ፣ በሁለት ቃል እመልስለት ነበር። ዳባት እናቴ ጋ ልሂድና ጥቂት ሳምንት ልቀመጥ ብዬ ሻንጣዬን እስከማውረድ ደርሼ ነበር። ሚኒባሱ ትዝ አለኝ። በዚያ ቤንዚን ሽታና በዚያ መታጨቅ ዳባት ሳልደርስ ሰው ጭን ላይ እንደማስመልስ የታወቀ ነው። እርጉዝ ሴት ተቀይማ እንኳ መሄድ አትችልም። ሻንጣውን መልሼ ሰቀልኩትና ዝምታው ከሱ ወደ እኔ ተዛወረ፤ አሁን ስትጠየቅ ብቻ የምትመልሰው እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ ቻለው። ከቅዳሴ ሲመለስ ልብሱን ደጅ ለውጦ፣ ፊቱንና ጢሙን በሳሙና ታጥቦ መግባት ጀመረ። ሳሙናውም አስጠላኝ፤ ግን አልነገርኩትም።

ከዕርገት በኋላ ባለው እሑድ አብሬው ወደ መንደር ወረድኩ። ቅዳሴ ገብቼ አስቀደስኩ። ዕጣኑ ሲነሣ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ወደ አማቴ ትከሻ ተጠግቼ ቻልኩት። ሕዝቡ ተሰነባብቶ ሲበተን ባለቤቴ ካባውን እንደለበሰ፣ መስቀሉን እንደያዘ ወደ ደጁ መጣ። ሌላ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ነው የሚቆየው።

«ያን ዕለት የት ላይ ነበር የቆምሽው?» አለኝ።

ጥዱን አሳየሁት። ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ ሄደና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረ። ከዚያ ቦታ የሚታየው ጉልላቱና የበሩ ግማሽ ብቻ ነው። በዚያ ደጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ቆሞ አያውቅም።

«ከዚህ ቅዳሴው ይሰማል?»

«ድምፅህ ይሰማል» አልኩት። «ቃሉ አይለይም።»

ብዙ ቆመ። አማቴ እንሂድ ብለው እጄን ያዙኝና ቀስ እያልን ቀድመነው ወጣን፤ ስንርቅም እዚያው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ወንጌሉን ያነበበው እሱ ነው። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ከወትሮው ጮክ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየት እያደረገ ሲያነብ አንዳንድ ሰው ዞር ዞር አለ። ስንወጣ ጥዱ ሥር ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር።